ሪቻርድ ቪልሄልም፦ ኮንፊሽየስንና ላኦ ዙን ወደ ዙሪክ ያመጣው ሰው



ዛሬ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ሰውየው ኢትዮጵያዊ አይደለም፤ ከሞተም ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖታል። ቢሆንም ታሪኩን ሳነብ ስለ እኛ ቤት የሚያወራ መሰለኝ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

እኔ ጄኔቭ ውስጥ ነርስነት እማራለሁ፤ እናቴ የምትኖረው ዙሪክ ነው። ባለፈው የብርድ ወራት የመጀመሪያውን የሆስፒታል ልምምዴን ጀመርኩ። በዚያው ሰሞን የእናቴ የቅርብ ጓደኛ መርዶ ተነገራቸውና ለቅሶ ተቀመጡ። ዓርብ ማታ ከልምምድ እንደወጣሁ ሦስት ሰዓት የሚጠጋውን መንገድ በባቡር ተጉዤ ዙሪክ ገባሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ቡና ሳቀርብ፣ ሳህን ሳጥብና እንግዳ ስቀበል ቆይቼ እሑድ እኩለ ሌሊት ላይ ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት አንድ አረጋዊ ታማሚ አልጋ አጠገብ ቆሜ ለምን እንደገባሁ ጠፋኝ። አብራኝ የምትማር ስዊሳዊት ጓደኛዬ ለምን አልችልም እንዳላልኩ ጠየቀችኝ። እናቴ ደግሞ ባልሄድ ኖሮ ምን ያህል እንደምታፍር አውቃለሁ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ እኔ ግን በመካከል ደከምኩ።

በዚያው ወር ለሥነ ልቦና ትምህርት ስለ ካርል ጉስታቭ ዩንግ ሳነብ የዩንግ ወዳጅ የነበረውን ሪቻርድ ቪልሄልምን አገኘሁት። እኔን ያደከመኝን ጥያቄ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠናው ነበር፦ ሰው በመልካም የሚኖረው ለሌሎች ያለበትን ግዴታ ሲፈጽም ነው ወይስ ራሱን ጸጥ ሲያደርግ? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሽቱትጋርት እስከ ቺንግዳኦ

ሪቻርድ ቪልሄልም በ1873 ጀርመን አገር ሽቱትጋርት ከተማ ተወለደ። አባቱ በመስታወት ላይ ሥዕል የሚሠራ ባለሙያ ነበር። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ፤ እናቱና አያቱ አሳደጉት። ቲዩቢንገን ነገረ መለኮት ተምሮ በ1895 የፕሮቴስታንት ቄስ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባድ ቦል በተባለች ትንሽ ቦታ ሲያገለግል ክሪስቶፍ ብሉምሃርት ከተባለ ሰባኪ ጋር ተዋወቀ። ብሉምሃርት ለፋብሪካ ሠራተኞች የቆመ፣ እምነት ከአፍ ይልቅ በኑሮ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው ነበር። ቪልሄልም ትምህርቱን ወደደ፤ የሰባኪውን ልጅ ሳሎሜንም ወደዳትና በ1899 ተጫጩ።

በዚያው ዓመት ጀርመኖችና ስዊሶች በአንድነት ያቋቋሙት የሚስዮን ማኅበር ወደ ቻይና ላከው። የደረሰበት የወደብ ከተማ ቺንግዳኦ በሻንዶንግ ክፍለ አገር ይገኛል። ጀርመን ቦታውን በ1897 በጦር ኃይል ይዛ በሚቀጥለው ዓመት ለ99 ዓመት በኪራይ መልክ አስፈርማ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ ቄስ የገባው የውጭ ኃይል ወደሚገዛው ከተማ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለ ታሪክ ስናነብ ልባችን ከየትኛው ወገን እንደሚቆም የታወቀ ነው። የገረመኝ የእሱም ልብ ቀስ በቀስ ወደዚያው ማዘንበሉ ነው። በ1900 ቦክሰሮች የተባሉት ዐማፅያን በተነሡበት ጊዜ የጀርመን ወታደሮች በአካባቢው መንደሮች ላይ ሲዘምቱ በሁለቱ መካከል ገብቶ ሽምግልና ያዘ።

ቻይና ውስጥ በድምሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሲኖር አንድም ቻይናዊ አላጠመቀም። ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ እንዲያውም በኋላ ዘመኑ እንደ መጽናኛ ይቆጥረው ነበር። ሊያስተምር ሄዶ ተማሪ ሆነ። ቋንቋውን ከሊቃውንቱ ጋር ተቀምጦ ተማረ፤ የቻይና ልጆች ከአውሮፓ ትምህርት ጋር የአባቶቻቸውን መጻሕፍት የሚማሩበት ትምህርት ቤት አቋቋመ። በ1906 የቻይና መንግሥት የአራተኛ ደረጃ የክብር ማዕረግ ሰጠው።

የኮንፊሽየስ ቤት

ሻንዶንግ እንዲያው የትም ያለ ክፍለ አገር አይደለም። ኮንፊሽየስ በ551 ዓመተ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት የተወለደው እዚያው ነው። በዘመኑ መሳፍንት እርስ በርስ ይዋጉ ነበር። እሱ መፍትሔውን የፈለገው በሰዎች ግንኙነት ውስጥ ነው። የእሱን ትምህርት የተከተሉ ሊቃውንት አምስት ዋና ግንኙነቶችን ይቆጥራሉ፦ የንጉሥና የሹም፣ የአባትና የልጅ፣ የባልና የሚስት፣ የታላቅና የታናሽ፣ የወዳጅና የወዳጅ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ግዴታ አለባቸው። ታናሽ ያከብራል፤ ታላቅም የሚከበር ሆኖ መገኘት አለበት። ሥርዓት፣ ሰላምታ፣ አቀማመጥ፣ ሐዘን፣ ድግስ፣ ይህ ሁሉ ሰውን ሰው የሚያደርግ ልምምድ ነው።

ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ከባድ አይደለም። ታላቅ ሲገባ ብድግ የሚል፣ እጅ የሚያስታጥብ፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ በይሉኝታ የማይፈልገውን ጉርሻ የሚቀበል ሰው የኮንፊሽየስን ስም ሳይሰማ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ኮንፊሽየስ ልጅ ለወላጁ እስከ ሦስተኛው ዓመት ድረስ ሐዘን እንዲቀመጥ ይፈልግ ነበር። አንድ ተማሪው አንድ ዓመት አይበቃም ወይ ብሎ ሲጠይቀው አዘነበት፤ ልጅ ከወላጆቹ ክንድ የሚወርደው ሦስት ዓመት ሞልቶት መሆኑን አስታወሰ። አርባን፣ ሰማንያንና ሙት ዓመትን የምናወጣ ሰዎች ይህ አይገርመንም።

ቪልሄልም የኮንፊሽየስን ንግግሮች ወደ ጀርመንኛ ተርጉሞ በ1910 አሳተመ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ከዚህ በጣም የሚለይ መጽሐፍ አወጣ።

የላኦ ዙ መንገድ

መጽሐፉ የላኦ ዙ ነበር፤ ዳኦ የሚለው ቃል መንገድ ማለት ነው። የዳኦ መምህራን የኮንፊሽየስን ሥርዓት ሲያዩ ጥያቄ ያነሣሉ። ሰው ደግ እንዲሆን ብዙ ትእዛዝ የሚያስፈልገው ከተፈጥሮው ከራቀ በኋላ ነው ይላሉ። ምሳሌያቸው ውኃ ነው። ውኃ ዝቅ ወዳለው ይወርዳል፣ ከማንም ጋር አይጣላም፣ ግን ድንጋይ ይበላል። ሳይታገሉ መሥራት ብለው የሚያስተምሩት ስንፍናን አይደለም፤ ነገሩ በሚሄድበት አቅጣጫ አብሮ መሄድን ነው።

ቪልሄልም በ1912 ያሳተመው የዡዋንግ ዚ መጽሐፍ ይህን በተረት ያሳያል። አንድ የንጉሥ ወጥ ቤት በሬ ሲበልት ቢላዋውን ለ19 ዓመት አልሳለውም፤ አጥንት አይመታም፣ በመገጣጠሚያዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት እየተከተለ ያልፋል። ደም መቅዳት ስለማመድ ይህ ሰውዬ ትዝ ይለኛል። ሥር በጉልበት አይገኝም። ጣት አሳርፎ መጠበቅ ይሻላል።

ይኸው ዡዋንግ ዚ ሚስቱ ስትሞት ጎድጓዳ ሳህን እየመታ ሲዘፍን አንድ ወዳጁ ደረሰበት። ወዳጁ ሲወቅሰው፣ መጀመሪያ እንዳዘነ፣ ቆይቶ ግን ሞት እንደ አራቱ ወቅቶች መፈራረቅ መሆኑን እንዳሰበ ነገረው። ኮንፊሽየስ ሦስት ዓመት፣ ዡዋንግ ዚ አንድ ሳህን! እናቴ ይህን ስነግራት ሰውየውን ጎረቤት እንደሌለው ቆጠረችው።

ጄኔቭ ያለን ሰዎች ደግሞ ይህ ክርክር በከተማችን እንዳለፈ ብናውቅ ደስ ይላል። ቮልቴር በ1755 እዚህ የገዛው ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። እሱ ኮንፊሽየስን እጅግ የሚያደንቅ ሰው ነበር፤ በቻይና ታሪክ ላይ የተመሠረተ ተውኔቱም በዚያው ዓመት ፓሪስ ታየ። የጄኔቭ ተወላጁ ረሱ በበኩሉ ሊቃውንት የበዙባት ቻይና ከወራሪ አልዳነችም ብሎ ይከራከር ነበር፤ ሰውን የሚያበላሸው ሥልጣኔው እንደሆነም ያምን ነበር። ሐሳቡ ወደ ላኦ ዙ ይጠጋል፤ የላኦ ዙ መጽሐፍ ግን በፈረንሳይኛ ሙሉውን የታተመው ረሱ ከሞተ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1842 ነው።

አብዛኛው ሰው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ቪልሄልም ሁለቱንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው። ይህን የተማረው ከቻይናውያኑ ነው። እዚያ አንድ ሰው በሹመት ላይ ሳለ የኮንፊሽየስን ሥርዓት ጠብቆ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ላኦ ዙን ማንበቡ እንግዳ ነገር አልነበረም።

ጦርነትና ቀይ መስቀል

በ1911 የቻይና ንጉሣዊ አገዛዝ ሲወድቅ ብዙ የቀድሞ ሹማምንትና ሊቃውንት ወደ ቺንግዳኦ ሸሹ። ቪልሄልም ከእነሱ ጋር ሆኖ በ1913 የኮንፊሽየስ ማኅበር አቋቋመ። ከመጡት መካከል ላኦ ናይሹዋን የተባሉ ሰባ ዓመት የሆናቸው ሊቅ ነበሩ። እሳቸው ኢ ቺንግ የሚባለውን ጥንታዊ የለውጦች መጽሐፍ ያስተምሩት ጀመር። ይህ መጽሐፍ የኮንፊሽየስ ተከታዮችም የዳኦ ሰዎችም የሚያከብሩት ነው። መምህሩ ያብራራሉ፤ ተማሪው ወደ ጀርመንኛ ይመልሳል፤ ከዚያም ጀርመንኛውን እንደገና ወደ ቻይንኛ መልሶ ትርጉሙ መድረሱን ከመምህሩ ጋር ያረጋግጣል። የቤተ ክህነት ተማሪዎቻችን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው ትርጓሜ የሚማሩበት መንገድ ትዝ አለኝ።

ትምህርቱን ያቋረጠው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነው። ጃፓን በ1914 ቺንግዳኦን ከበበች፤ ከተማው ኖቬምበር 7 ቀን እጅ ሰጠ። በከበባው ጊዜ ቪልሄልም እዚያው ቆይቶ በቀይ መስቀል ሥራ ቁስለኞችንና ስደተኞችን ይረዳ ነበር። በ1863 ጄኔቭ ላይ የተጀመረው ቀይ መስቀል ከሃምሳ ዓመት በኋላ በአንድ የቻይና ወደብ የቪልሄልም ሥራ ሆነ። እኔም በየቀኑ በትራም የማልፈው ሰፈር ውስጥ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ከዚያ ወዲህ ሌላ መልክ አለው።

ከጦርነቱ በኋላ ከመምህሩ ጋር ሥራውን ቀጠለ። በ1920 ወደ ጀርመን ተመለሰ። መምህሩ በ1921 ዐረፉ። ቪልሄልም ከ1922 እስከ 1924 እንደገና ቤጂንግ ኖሮ ኢ ቺንግን ጨረሰ፤ መጽሐፉ በ1924 ታተመ። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሳይሞት ለቆየ እውቀት መሸጋገሪያ የሆኑት ሁለቱ ሰዎች፣ አንዱ ሽማግሌ አንዱ የውጭ አገር ቄስ መሆናቸው አስገራሚ ነው።

ዙሪክ ላይ የተነገረው የዝናብ ታሪክ

ቪልሄልም ከዩንግ ጋር የተገናኘው ከቻይና መልስ ጀርመን ውስጥ ነው። ዩንግ በ1875 የተወለደ፣ በዙሪክ የአእምሮ ሆስፒታል ሥራ የጀመረና በሐይቁ ዳር ኪውስናኽት የሚኖር ሐኪም ነበር። ቪልሄልምን ዙሪክ ጋብዞ በሥነ ልቦና ክበቡ ስለ ኢ ቺንግ እንዲናገር አደረገው። በ1928 ቪልሄልም የወርቃማው አበባ ምስጢር የተባለ የዳኦ የጽሞና መጽሐፍ ትርጉም ላከለት፤ በሚቀጥለው ዓመት ከዩንግ ማብራሪያ ጋር ታተመ። ዩንግ በሕይወቱ ከማንም ይልቅ ከቪልሄልም ብዙ እንደተቀበለ ይናገር ነበር።

ቪልሄልም ከነገረው ሁሉ ዩንግ አዘውትሮ የሚያወራው አንድ ታሪክ ነበር። ቪልሄልም በሚኖርበት አገር ብርቱ ድርቅ ሆነ። ካቶሊኮቹ ምህላ ወጡ፣ ፕሮቴስታንቶቹ ጸለዩ፣ ቻይናውያኑ ዕጣን አጤሱ፣ የድርቁን ርኩስ መንፈስ ለማባረርም ጥይት ተኮሱ። ዝናብ የለም። በመጨረሻ ከሌላ ክፍለ አገር ዝናብ የሚያመጣ ሰው አስጠሩ። አንድ ከሲታ ሽማግሌ መጣ። የጠየቀው አንዲት ጸጥ ያለች ትንሽ ቤት ብቻ ነበር። ገብቶ ዘጋ። ሦስት ቀን አልወጣም። በአራተኛው ቀን ያለ ወቅቱ ከባድ በረዶ ወረደ።

ቪልሄልም ሄዶ ምን እንዳደረገ ጠየቀው። ሽማግሌው በረዶውን እሱ እንዳላወረደው ነገረው። እሱ የመጣው ነገር ሁሉ በሥርዓቱ ካለበት አገር ነው። እዚህ ግን ሥርዓቱ ተዛብቷል፤ እሱም ወደዚህ ሲገባ አብሮ ተዛባ። ስለዚህ ወደ ዳኦ እስኪመለስ ሦስት ቀን መጠበቅ ነበረበት። ከተመለሰ በኋላ ዝናቡ በራሱ ጊዜ መጣ።

ድርቅ ምን እንደሆነ ከወላጆቻችን የሰማን ሁላችን ይህን ታሪክ በቀላሉ አናልፈውም። እኔም ተአምር ነው አይደለም በሚለው ላይ አልቆምም። ደጋግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ታየኝ። ሽማግሌው ሁለት ነገር አድርጓል። አንደኛ፣ ሲጠሩት መጣ። ሰው ተጠምቷል ሲባል በተራራው ላይ አልቀረም፤ ሩቅ መንገድ ተጉዞ ደረሰ። ይህን ኮንፊሽየስ ይወድለታል። ሁለተኛ፣ ከደረሰ በኋላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሩን ዘጋ። ይህ የላኦ ዙ ነው። ቢቀር ኖሮ መንደሩ ሰው አያገኝም ነበር። ሳይዘጋ ቢቀር ደግሞ ከተዛቡት ላይ አንድ የተዛባ ሰው ተጨመረ ማለት ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ታሪኩን የተረከው ሰው ራሱ ግን በሩን የሚዘጋበት ጊዜ ያገኘ አይመስልም። ፍራንክፈርት በዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1925 የቻይና ተቋም መሠረተ፤ መጽሔት አዘጋጀ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ንግግር አደረገ፣ ተረጎመ። ቻይና ሳለ የያዘው የአንጀት በሽታ ተመልሶ ተነሣበት። ዩንግ ወዳጁ በሁለት ዓለም መካከል መወጠሩ እንደጎዳው ተሰምቶት ሊያስጠነቅቀው ሞክሯል፤ በሆስፒታልም ጠይቆታል። ቪልሄልም በማርች 1930 ቲዩቢንገን ውስጥ ዐረፈ። ዕድሜው 56 ነበር። የተቀበረው በወጣትነቱ ሳሎሜን ባገኘባት ባድ ቦል ነው። ዩንግ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ልብስ የለበሰ ቻይናዊ እጆቹን በእጅጌዎቹ ውስጥ አጣምሮ አልጋው አጠገብ ጎንበስ ሲልለት እንዳየ ጽፏል።

የሞተበት ምክንያት በሽታ ነው፤ ድካም ገደለው ብዬ ልፈርድበት አልችልም። ነገር ግን የነርስ ተማሪ ዓይን አለኝ፤ የሥራ ዝርዝሩን ሳነብ ማን ያሳርፈው ነበር ብዬ አሰብኩ። ለሌሎች ድልድይ የሆነ ሰው ላይ ሁሉም ይሻገርበታል። የእኛ ወላጆች በዚህ አገር የኖሩት እንደዚያ ነው። እኛም በሁለት ቋንቋ እያስተረጎምን፣ ሐኪም ቤትና መሥሪያ ቤት እያጀብን ያንኑ ቀጥለናል።

ባለፈው ወር ወደ ዙሪክ ስሄድ የዝናቡን ሽማግሌ ታሪክ ለእናቴ ነገርኳት። ምንም አልገረማትም። ሰውየው ሱባኤ እንደገባ፣ አባቶቻችንም ከከባድ ነገር በፊት እንደዚሁ እንደሚያደርጉ አስረዳችኝ። በማግስቱ እንግዶች ይመጡ ነበር። ቡናውን ልቆላ ስነሣ እጄን ይዛ ወደ መኝታ ክፍሉ መለሰችኝና ከውጭ በሩን ዘጋችው። አንድ ሰዓት ተኛሁ። ከዚያ ወጥቼ ቡናውን አፈላሁ፤ እንግዶቹንም ስማቸውን ሳልረሳ ተቀበልኩ።

ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ትንሽ ቤት አግኝቻለሁ። መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ጄኔቭ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት እጅ በአልኮል ሲታሽ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እንዲወስድ ይመክራል። ድሮ በችኮላ አሽቼ እገባ ነበር። አሁን ሰከንዶቹን ሙሉውን እቆማለሁ፤ ከቀድሞው ታማሚ ክፍል ይዤው የመጣሁትን እዚያው እተዋለሁ። ከዚያ አንኳኩቼ እገባለሁ።